ለሱጁድ የተለካች ሽጉጥ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኮምቦልቻ ጨርቅ የምታመጣልን ነጋዴ በራችን ላይ ቆመች። ጥቅሏን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ዘይነብ አረፈች፤ ትናንት ቀበርናት» አለችን። «ኢና ሊላሂ» አሉ ሴቶቹ። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የእኔ መኪና መጨረሻ ላይ ቆመ፤ እግሬ ወሬውን ቶሎ አልሰማም።

እትየ ዘይነብ ታመው መክረማቸውን እናውቅ ነበር። ከዳኝነታቸው ተነስተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ከወረዱ በኋላ፣ በረንዳ ላይ አንዲት መኪና ተክለው ሲሰፉ ነው የጉበት በሽታ የያዛቸው። የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደሴ ውስጥ በጥይት ሞቱ የሚል ወሬ ስላለ ነው።

ለቅሶው ላይ አንድ ሰውዬ «ያቺ ሽጉጥ ታጣቂዋ?» ሲል ሰማሁት። ሁሉም ሰው እሳቸውን ሲያነሳ ሽጉጧን ያስቀድማል። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ግን ሽጉጧን ሲመርጡ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ኪሷንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባልናገረው እንኳ ልጻፈው ብዬ ነው።

የስፌት ማህበራችን ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ ነው። እነሱ ሲወቅጡ እኛ እናስነጥሳለን። እኔ ስገባ ከሰው ጋር ማውራት የሚያንቀጠቅጠኝ ልጅ ነበርኩ፤ ደንበኛ ሲመጣ አንገቴን መኪናው ላይ እደፋለሁ። እትየ ዘይነብ ቆራጫችን ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት የመቀስ ብዛት አደንድኖታል። ሜትራቸው ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ነው፤ ሰውን የሚለኩት ግን ገና በር ላይ፣ በዓይናቸው ነበር።

«አንተ፣ ግራ ትከሻህ ወርዷል። ምን ስትሸከም ነው?»

«ከሰል ነው እትየ።»

«እንግዲያ ኮትህን አጣምሜ ልስፋልህ፣ ወይስ ጆንያውን በቀኝህ ትይዛለህ?»

ሰውየው ይስቃል። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነው፤ ኮቱን ለዚያ ትከሻ ብለው ይቆርጡታል።

ለኔ መጀመሪያ ያሉኝ «አንቺ ልጅ፣ መርፌው አይሸሽም፤ ቀና በይ» ነበር። ቀና አላልኩም። አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ከሴቶቹ አንዷ «ይህቺ ልጅ ምላስ አልፈጠረባትም እንዴ?» ስትል «ተያት፣ አንቺ የሁለት ሰው ትናገሪ የለ» ብለው አሳረፏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎናቸው መቀመጥ ደስ ይለኝ ጀመር።

ቀበሌው ለፍርድ ሸንጎው ዳኛ ሲያስመርጥ ሴቶቹ እሳቸውን ጠቆሙ። «እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትናንት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ተዉኝ» አሉ። ማን ሊተዋቸው! ተመረጡ። ሲዳኙም ልክ እንደሚቆርጡ ነበር። ጨርቁን ዘርግተው ረጅም ጊዜ ያያሉ፤ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ይደመስሳሉ፣ እንደገና ያሰምራሉ። መቀሱን ካነሱ በኋላ ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

የይማም ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ይማም ከዘመቻ ተመልሶ የቀበሌ ታጣቂ የሆነ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነበር። ሚስቱን ሀዋን ፈትቶ ከነልጆቿ ከቤት አስወጣት። እሷ ድንጋዩን በጀርባዬ ያመላለስኩበት ቤት ነው ብላ ከሰሰች። እትየ ዘይነብ ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ጎረቤት ጠይቀው፣ ግድግዳውን ሄደው አይተው «ቤቱ የልጆቹና የእናታቸው ነው» ብለው ፈረዱ። ይማም ከሸንጎው ወጥቶ ገበያው መሐል ቆመና «ይህችን ሴትዮ ጥይት ሳላጎርሳት ብቀር ወንድ አይደለሁም፣ ወላሂ!» አለ። በሰው ሁሉ ፊት ማለ። እዚህ አገር በሰው ፊት የተማለ መሐላ ቀልድ አይደለም፤ የማለውን ሰው ራሱን ይዞ ይጎትተዋል።

አብሯቸው የፈረደው ዳኛ በዚያው ሳምንት ታምሜአለሁ ብሎ ቀረ። ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ፣ ሌሎቹ ሴቶች ለምሳ በወጡበት፣ ወደ ስፌት ቤቱ መጡ።

«እትየ፣ ወይ ዳኝነቱን ይተዉት፣ ወይ መሣሪያ ይያዙ።»

«ሰውየውን ለምን አትይዙትም?»

«ታጣቂያችን ነው። የሱን ጠመንጃ ብቀማ ሌሎቹም ጥለውኝ ይሄዳሉ። ደግሞ ዛተ እንጂ አልተኮሰ።»

«ሲተኩስ ትይዙታላችሁ ማለት ነው።»

«መልስዎን እጠብቃለሁ» ብለው ጓድ ተፈራ ወጡ።

እትየ ዘይነብ እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓቱ ሰላት ድረስ ሲቆርጡ ዋሉ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጡና እኔን ይዘው ቀበሌ ሄደው ጓድ ተፈራን «እኔም ከቀረሁ አዲስ ዳኛ ይቀመጣል፣ ሀዋም ሜዳ ላይ ትወድቃለች» አሏቸው። «ግን አንጠልጥዬ አልዞርም። ሴት ታጠቀች ከተባለ አገሩ ሁሉ ሊያየኝ ይወጣል፤ እሱም ቀድሞ ይተኩሳል። የማትታይ ከሆነች እይዛለሁ።»

መሣሪያ የሚሰጠው ኮምቦልቻ ካለው ግምጃ ቤት ነበር። «ሉባባ ትከተለኝ» አሉ እኔን እያሳዩ። «ኪሷን የምትሰፋው እሷ ናት። ደሞ ሚስጥር አይወጣትም፤ መውጫው ገና አልተከፈተም።» ጓድ ተፈራ ሳቁብኝ።

አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ወርዶ ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለን። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አንድ ዓይናቸው ሁልጊዜ የሚያለቅስ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የቀበሌውን ወረቀት አነበቡ፤ እትየ ዘይነብን አዩ፤ እንደገና ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቡጀዲ ዘርግተው አራት ሽጉጦች ደረደሩ።

«መጀመሪያ ባዶ መሆናቸውን ያሳዩኝ» አሉ እትየ ዘይነብ። አሳዩአቸው።

ሃምሳ አለቃው ትልቁን ከነማህደሩ አነሱ። «ይህ የመኮንን ነው። ያየው ሁሉ ይሸሻል።»

«እኔ የምሻው የሚያየው እንዳይኖር ነው።»

«እንግዲያ ይህ ስድስት ጎራሽ። የማይከዳ ነው፤ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው።»

እትየ ዘይነብ ስድስት ጎራሹን ወገባቸው ላይ አስጠግተው ቀሚሳቸውን አለበሱት። መሐሉ ላይ ያለው ጥይት መያዣ ክብ ሆኖ ወጣ። «ይህስ ቦርጫም ነው። ዳቦ ሰርቄ የወጣሁ እመስላለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ሳቁና መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽዬ ሽጉጥ ሰጧቸው። «እንግዲያ ይህቺ ናት የሴት።»

እኔም በልቤ እሷን ይወስዳሉ ብዬ ነበር። ትንሽ ነገር ይደበቃል፣ አበቃ። እትየ ዘይነብ ግን ጨበጧት፤ ሁለት ጣታቸው እጀታዋ ላይ ቀረ፣ ሌሎቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ጥይት እንደሚያጎርስ ሰው ላይዋን ወደ ኋላ ለመሳብ ሞከሩ፤ እንደ ዓሣ አመለጠቻቸው። ደግመው ሞከሩ። «መቀስ የገፋ እጅ ነው ያለኝ፤ ቢሆንም አልቻልኳትም» አሉ። «ሳልፈራ ካልቻልኳት ስፈራ አልችላትም። በሁለት ጣት የሚያዝ ደግሞ መርፌ ነው።»

የቀረችው አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ ናት፤ ቀለሟ ለቋል። ሃምሳ አለቃው ራሳቸው አፍረውባት ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጧት። እትየ ዘይነብ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ለኳት። ርዝመቷን አይደለም፤ ውፍረቷን። ከዚያ ወደኔ ዞረው እንደ ቁረጣ ትምህርት አስረዱኝ፦ «ርዝመት አያጋልጥም፤ አፏ ወደ ታች ተሰውሮ ይቀራል። ልብስ የሚገፋው እጀታዋ ነው። ይህቺ ጠፍጣፋ ናት፤ ጣቶቼንም ሁሉ ትቀበላለች።» ላይዋን ሳቡት፤ እሺ አለ።

እኔ ጨረስን ብዬ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አጥፈው መሬት ላይ አነጠፉ።

ሃምሳ አለቃው ፈጠን ብለው በሩን ገርበብ አደረጉ። «እዚህ ቢሮ ውስጥ ሊሰግዱ ነው እንዴ?»

«ልሰግድ አይደለም፣ ልለካ ነው።»

መጀመሪያ ለማወዳደር ትልቁን መቀነታቸው ስር ሻጡት። ጎንበስ አሉ፤ ያዘ። ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ አፉ ጭናቸውን ወጋቸው፤ ቀና ሲሉ ደግሞ ሽጉጡ ተንሸራትቶ ሲሚንቶው ላይ ቿ! አለ። ሃምሳ አለቃው ከሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪወርድ ሳቁ።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ» አሏቸው። «እኔ በቀን አምስት ጊዜ እደፋለሁ፣ እነሳለሁ። ከሴቶች መሐል ሱጁድ ስወርድ ሽጉጤ ቀድሞኝ ከወደቀ ማን ሊባል ነው የሰገደው?»

የጣሊያኗን ሻጧት። ጎንበስ፣ ሱጁድ፣ ቁጭ፣ ብድግ። አልወጋችም፤ አልወደቀችም። ቀጥለው ጠሩኝ። «ነይ፣ ሉባባ። ከመንገድ እንደመጣች ዘመድ ሰላም በይኝ።» አፍሬ ቆምኩ። «ነይ እንጂ!» አቀፍኳቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ እጄ በወገባቸው ዞረ።

«ምን ነካሽ?»

«ጎንዎ ላይ... ብረቱን።»

«አዩ፣ ሃምሳ አለቃ? የእናንተ ፍተሻ በኬላ ነው። ሴት ሰላም ስትል ትፈትሻለች።»

ከጎናቸው አውጥተው ወደ ፊት፣ ከእምብርታቸው በስተቀኝ፣ ከመቀነቱ በታች አወረዷት። እንደገና ተሳሳምን። ሴቶች ሰላም ስንባባል ትከሻችን እንጂ ሆዳችን አይገናኝም፤ ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ምንም አልነካኝም።

ሃምሳ አለቃው ሳቃቸውን ትተው ተነሱ። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ካለው የአፈር ቁልል ፊት አቁመው አስተኮሷቸው። የመጀመሪያውን ዓይናቸውን ጨፍነው ተኮሱ፤ ከዚያ በኋላ አልጨፈኑም። እኔ ጆሮዬን ይዤ ግድግዳው ስር ተቀምጫለሁ። ሲጨርሱ ሃምሳ አለቃው «ባዶ ናት ብለው አንድም ቀን አይመኑዋት» አሉ። «እድሜዬን ሙሉ የቀበርኩት ሰው ሁሉ ባዶ ናት ባሏት ሽጉጥ ነው የሞተው።»

ኪሷን የሰፋሁት ከድርብ አቡጀዲ ነው፤ ውስጡን በአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ገበርኩት፣ ጨርቅ ተጣጥፎ ቃታውን እንዳይስበው። ከውስጥ ቀሚሳቸው ቀበቶ ጋር ይያያዛል። የላይኛው ቀሚስ መጋጠሚያ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተውኩለት፤ ለሚያየው የኪስ አፍ ነው። እትየ ዘይነብ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ዕቃ ቤት ገብተው ባዶዋን ማውጣትና መመለስ ተለማመዱ። ለሰላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ከነቀበቶዋ ይሰጡኛል። ጭኔ ላይ አስቀምጬ የምሰፋውን ጨርቅ አለብሳታለሁ። እሳቸው እግራቸውን አጥበው እስኪመለሱ እኔ አንድም ስፌት ቀጥ አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም።

እንዲህ ክረምቱ አለፈ። በየሳምንቱ ሸንጎው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሀዋም ቤቷ ውስጥ ነች። ይማም በበራችን ሲያልፍ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል። ያችን ታህል ብቻ። መኪናዎቹ ዝም ይሉና ሲያልፍ ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ግን ከበርበሬ ተራው አጠገብ ባለው ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ገጠመን። ጠመንጃ አልያዘም፤ ዱላ ነው። ትንሿ ልጁ የጋቢውን ጫፍ ይዛለች።

«ዳኛዋ! የሰው ቤት አፍርሰሽ በሰላም ትሄጃለሽ?»

«አሰላሙ አለይኩም፣ ይማም።»

«ሰላምታሽን ለመሰሎችሽ!» አለና በዱላው ጫፍ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍፎ ጭቃው ላይ ጣለው። ዱላውን አነሳ። የእትየ ዘይነብ ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ቀሚሳቸው ውስጥ ገባ። እኔ አየሁ፤ ከኔ በቀር ያየ የለም። ገበያው ሁሉ ቆሞ ይመለከታል። እጃቸው እዚያው ቆየ። ከዚያ ባዶውን ወጣ።

«ይማም፣ ልጅህ እያየችህ ነው» አሉት።

ልጅቷን ቁልቁል አየና ዱላውን አወረደ። እየተሳደበ ሄደ። እትየ ዘይነብ ነጠላቸውን ከጭቃው አንስተው አራገፉት።

ስፌት ቤት ስንገባ እንደዚያ ቀን ደፍሬ አላውቅም፤ «እትየ፣ ለምን አላወጧትም?» አልኳቸው። ውሃ ጠጡ። 

«እሱ የያዘው ዱላ ነው። ሽጉጥ አውጥቶ ማስፈራራት የሚባል ነገር የለም፤ ካወጣሁ መተኮስ አለብኝ። ለዱላ አልተኩስም። ሳልተኩስ ባሳየው ደግሞ በማግስቱ ጠመንጃውን ይዞ ነው የሚመጣው።» ብርጭቆውን አስቀመጡና «ነጠላውን እጠቢልኝማ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ነው የይማም ዘመዶች ነገሩን ወደ ሽማግሌ የወሰዱት። መሐላውን ማንም ባለሥልጣን ሊያነሳለት አይችልም፤ በዱዓ ብቻ ነው የሚነሳ። ከከተማው ወጣ ብሎ ገራዶ፣ የዱዓው አባት ሼህ ኑርየ ዘንድ ሁለቱም እንዲቀርቡ ተባለ። ቀበሌው እንዲህ ያለውን ነገር ኋላ ቀር ይለዋል። እትየ ዘይነብ ግን «ካነሳለት እሄዳለሁ» ብለው እኔን አስከትለው ሄዱ።

ዱዓ ቤት በብረት አይገባም። ጠመንጃ ቢሆን፣ ጩቤ ቢሆን፣ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ብረት ያለበት ዱዓ አይያዝም። በሩ ላይ የቆመው የዱዓው አገልጋይ፣ ኻዲሙ፣ የወንዶቹን ሁሉ ተቀብሎ ሰሌን ላይ ደርድሯል። የይማም ጠመንጃም እዚያ ነው። ይማም ራሱ በሩ ውስጥ ቆሞ ያየናል።

እትየ ዘይነብ ሲደርሱ ኻዲሙ እጁን ወዘወዘ። «እለፉ፣ እናቴ፣ እለፉ። ሴት ምን ብረት አላት!»

አንድ እግራቸው ደፉን ረግጧል። ማንም አያውቅም፤ ማንም አይጠይቅም። ቢገቡ ከነነፍሳቸው መጠበቂያ ነው የሚገቡት። ዱዓው ግን ውሸት ይሆናል፤ መሐላውም ከይማም ላይ አይነሳም። ቢያስቀምጧት ደግሞ ከዚህ በኋላ የተደበቀ ነገር የላቸውም። እኔ እጃቸውን ያዝኩ። እግራቸውን ከደፉ መለሱ።

«እኔም አለኝ» አሉ።

እጃቸውን በቀሚሳቸው ክፍተት ከተው የጣሊያኗን አወጡ፤ ጥይቷን አራግፈው፣ ባዶነቷን ለኻዲሙ አሳይተው፣ ከይማም ጠመንጃ ጎን አስቀመጧት። ኻዲሙ አፉን ከፍቶ ቀረ።  ኋላ ቀበሌው ይህን ሰምቶ፣ የመንግሥት መሣሪያ ዱዓ ቤት ደጅ አስቀመጡ ብሎ ሽጉጧን ነጥቋቸዋል፤ በተከታዩ ምርጫም ስማቸውን የጠራ የለም። ይህ እንደሚመጣ እዚያው በሩ ላይ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይማም ከውስጥ ወጥቶ ሰሌኑ አጠገብ ቆመ። ረጅም ጊዜ አያት።

«ያን ቀንስ? በርበሬ ተራ?»

«ነበረች።»

«ነጠላሽን ስጥል?»

«ነበረች፣ ይማም። ከመጋቢት ጀምሮ አልተለየችኝም።»

ይማም ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ጫቱ ተያዘ፤ ሼህ ኑርየ ዱዓ አደረጉ፤ እኛ ከሴቶቹ ወገን ሆነን አሚን አልን። ተራው ሲደርስ ይማም ተነስቶ «መሐላዬን አላህ አውፍ ይበለኝ» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ሼኹ ደግመው አስባሉት። ከዚያ ወደ እትየ ዘይነብ ዞሮ «እርስዎም አውፍ ይበሉኝ። ቤቱ የልጆቼ ነው» አለ። «አውፍ ብያለሁ» አሉት። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

እዚህ አገር የታረቁ ሰዎች ሲወጡ አንዱ የሌላውን ብረት አንስቶ ያቀብላል። እትየ ዘይነብ የይማምን ጠመንጃ በሁለት እጃቸው አንስተው ሰጡት፤ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ እሱ ጎንበስ ብሎ ሽጉጧንና ጥይቷን አነሳ። ሁለቱም መሣሪያ እሱ ዘንድ ሆነ፤ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሽጉጧን መዳፉ ላይ አገላበጣት። ሽማግሌዎቹ እንኳ ምርቃታቸውን አቋርጠው ያያሉ። አፏን ወደራሱ አዙሮ እጀታዋን አቀበላቸው።

እትየ ዘይነብ ወደ ኪሷ መለሷትና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጀምበሯ ወደ ጋራው ተጠግታለች።

«ይማም» አሉ፣ «መንገዱ ሰው የለውም። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኘን።»

እሺ አለ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፊትና ኋላ ሆነን ሄድን፤ እትየ ዘይነብ ፊት፣ እኔ መሐል፣ ይማም ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ። የጫማው ድምፅ ከጀርባዬ ይሰማኛል። እኔ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። እሳቸው ግን ስለዘንድሮው የባቄላ ቡቃያ እያወሩ ሄዱ፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞሩም።